ክንድ አልነሣ ሲል
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ንግግራችንን በራሳችን ጥፋት እንጀምር። አንዲት እኅታችን የጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና አድርጋ ከተመለሰች በኋላ ከለቅሶ ቤት የወጥ ቤት ተራዋ ሁለት ጊዜ ቀረች። እኛ የኮሚቴው አባሎችም ደንቡን ገልጠን ቀጣናት። ቁስሉ ድኗል፣ ቤተ ክርስቲያንም ትሄዳለች፣ ታዲያ ድስት ማውረድ እንዴት ያቅታታል አልን። እሷ ግን ነጠላዋን እንኳ ወደ ትከሻዋ መመለስ፣ ፀጉሯንም ማበጠር አቅቷት ኖሯል። አፍራ ዝም አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ጡቱን ሲያክም ብዙ ጊዜ ከብብት ውስጥ ንፍፊቶችን ያወጣል። ጠባሳው ሲጠግግ ቆዳውንና ጡንቻውን ጨምድዶ ይይዛል፤ ጨረር ሲጨመርበትም ይብሱን ይደርቃል። በአንዳንዷ ሴት ላይ ከብብት ወደ ክንድ የተወጠረ ገመድ የመሰለ ነገር ይወጣል። ታማሚዋ ስለሚያማት ክንዷን አቅፋ ትቀመጣለች፤ ትከሻውም በዚያው ተይዞ ይቀራል። ንፍፊቱ ስለተወሰደ ፈሳሹ መሄጃ አጥቶ ክንዱ ሊያብጥም ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጠባሳውንና ገመዱን በእጁ ቀስ እያለ ያላላል፣ ትከሻውንም ያፍታታል። ለእብጠቱ ደግሞ ዴንማርካዊው ኤሚል ቮደር ከባለቤቱ ጋር ያወጣውና በ1936 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ያሳየው፣ ቆዳን ብቻ በስሱ የሚገፋ አስተሻሸት አለ። ዋናው ግን ክንዱን በፋሻ መጠቅለሉ ነው፤ እሽቱ ረዳት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው እንቅስቃሴ ነው። ለትከሻ ችግር ይበልጥ በተጋለጡ 392 ሴቶች ላይ በእንግሊዝ አገር ተደርጎ በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ጀምረው ፊዚዮቴራፒስት እየመራቸው የተለማመዱት ከዓመት በኋላ ክንዳቸውን ከሌሎቹ በተሻለ ሲሠሩበት ተገኝተዋል። ባለሙያው ሲፈቅድ ጣትን በግድግዳ ላይ ወደ ላይ ማስኬድ እኮ ቤት ውስጥ ያለ ገንዘብ የሚሠራ ነው።

ወጌሻዎቻችንን እናከብራለን፤ ለወለምታማ ማን ይስተካከላቸዋል! ነገር ግን ይህን ክንድ በቅቤ አጥብቆ ማሸት፣ መጎተት፣ ዋግምት ማድረግ አይሆንም። ክንዱ ከቀላ፣ ከጋለና ትኩሳት ካለ ማንም አይነካካው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው።

ያስከፈልናትን ቅጣት መልሰንላታል። እንዲህ ያለ ሕክምና ላይ ያለች አባል ከድስትና ከውሃ መቅዳት ነፃ ሆና መዝገብ ትያዝ ስንልም ለዚህ ጉባኤ አቅርበናል። እሷ ግን፣ «መዝገብስ አልይዝም፤ ቡናውን ላፍላ፣ ጀበና አሁን አይከብደኝም» ብላናለች።