ግራናይት በምድር ውስጥ ቦታውን እንዴት ያገኛል?
(ለማኅበራችን ስብሰባ የተነገረ)



ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው ጥያቄ ሲሰሙት የሕፃን ጥያቄ ይመስላል። ይኸውም፤ ከአንድ ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ግራናይት በሌላ ዐለት መካከል ሲገባ፤ አስቀድሞ በስፍራው የነበረው ዐለት ወዴት ሄደ? የሚል ነው።

ግራናይት ቀልጦ የገባ መሆኑን ስኮትላንዳዊው ጄምስ ኸተን እ.ኤ.አ. በ1785 በግሌን ቲልት ሸለቆ አስተውሏል። ግራናይቱ እንደ ደም ሥር ሆኖ ነባሩን ዐለት ሰንጥቆት አገኘው። የቦታው ጥያቄ ግን ሳይፈታ ስለ ቆየ፤ በ1940ዎቹ አንዳንድ ሊቃውንት፤ ግራናይት ከሌላ ስፍራ አልመጣም፤ ነባሩ ዐለት ባለበት ተለውጦ ግራናይት ሆነ እስከማለት ደርሰው ነበር። ተትልና ቦወን በ1958 ያሳተሙት የላቦራቶሪ ጥናት የቅልጡን ወገን አበረታ።

እንግዲህ መንገዱን እንከተል። በምድር ቅርፊት ጥልቅ ክፍል የቀለጠው ዐለት ከአካባቢው ስለሚቀልል በጠባብ ስንጥቆች ወደ ላይ ይወጣል። ከምድር ገጽ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩት ይቆምና ወደ ጎን እንደ ምንጣፍ ይዘረጋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው በላዩ ወይም በሥሩ ይነጠፋል። እንጀራ በመሶብ ሲደራረብ ክዳኑን ከፍ እንደሚያደርገው ሁሉ፤ ቅልጡም ጣሪያውን ያነሣል። አሜሪካዊው ጊልበርት በዩታ በሚገኙት የሄንሪ ተራሮች ይህን አይቶ በ1877 ጽፏል፤ በላይ ያሉት የደለል ድንጋይ ንጣፎች ተቆልምመው ተነሥተው ነበር። በሌላ ስፍራ ደግሞ ወለሉ ይሰምጣል፤ ወይም ግድግዳው ይገፋል። ስለዚህ ነባሩ ዐለት የትም አልጠፋም፤ ጥቂት በጥቂት ቦታ ለቀቀ እንጂ።

ይህ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? በካሊፎርኒያ፤ ዮሰሚቲ አጠገብ ያለው የቱዎሎምኒ ግራናይት ጥሩ ምስክር ነው። በዚርኮን ቅንጣቶች ውስጥ ዩራኒየም ወደ እርሳስ የተለወጠበት መጠን ሲለካ፤ የዳርቻው ዕድሜ 95 ሚሊዮን፤ የመካከሉ 85 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ። በአንድ ጊዜ የገባ ኩሬ ቢሆን ኖሮ ከዚያ እጅግ ቀድሞ በረጋ ነበር። እነኮልማን በ2004 ይህን ይዘው፤ ዐለቱ በየጊዜው ተጨምሮ ተጨምሮ የሞላ ነው አሉ።

ነገሩ የሥዕል ክርክር ብቻ አይደለም። ግራናይቱ እንዲህ በዝግታ ከሞላ፤ ታላላቅ እሳተ ገሞራዎች በአንድ ጊዜ የሚተፉትን ብዙ ቅልጥ ከየት አጠራቀሙት? ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ በዚህ አልተስማሙም። እኛም በመማሪያ መጽሐፎቻችን ላይ እንደ ፊኛ ያበጠውን ግራናይት ስናይ፤ ስንት ጊዜ ሞላ? ጣሪያውስ ተነሣ ወይስ ወለሉ ሰመጠ? ብለን እንጠይቅ። መልሱ የሚገኘው ከዐለቱ ዳርቻ ነውና፤ ለጥናት ስንወጣ በዚያ እንጀምር።