ከመርካቶ ጆንያ እስከ አዋሽ ገደል፦ የጋራ መሬትን ለመዝናኛና ለጥበቃ ማስተዳደር

(በአዲስ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ስለ ብሔራዊ ፓርክ የሚደረግ ንግግር በመርካቶ መሐል መካሄዱ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አልቀረም። ቦታው ግን በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። እናቴ ያሳደገችኝ በዚሁ ሰፈር ከሰል ቸርችራ ነው። ጆንያው በጭነት መኪና ከምሥራቅ ይመጣል፤ እርስዋ በጣሳ እየሰፈረች ትሸጣለች፤ የደብተሬም ዋጋ ከዚያው ይወጣል። ዛፉ የት እንደ በቀለ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጥያቄው የመጣብኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ለጥናት ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሄጄ አንድ የግራር ጉቶ አጠገብ በቆምሁ ጊዜ ነው።

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በሕግ የተቋቋመውም እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በሰሜን በኩል የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ተራራና ዘንባባ የከበባቸው ፍል ውሃዎች አሉ። በመሐል የኢላላ ሳላ ሜዳ ተዘርግቷል። በደቡብ ደግሞ ወንዙ ከፏፏቴው ተወርውሮ ጥቁር ድንጋይ ሰንጥቆ በጥልቅ ገደል ይጓዛል። ጎብኚ የሚመጣው ይህን ገደልና ሳላውን ለማየት ነው።

ወንዙ ለእናንተ ባዕድ አይደለም። ከመርካቶ ቦዮች የሚወርደው ፍሳሽ ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባል፤ አቃቂ በአባ ሳሙኤል በኩል አልፎ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም ከቆቃ ግድብ ወጥቶ ወደዚያ ገደል ይወርዳል። እንግዲህ እኛ ቆሻሻችንን እንልካለን፤ ከዚያ ደረቅ ምድር ደግሞ ከሰል እንቀበላለን።

በመሬቱ ላይ ሦስት ባለ ጉዳዮች እንዳሉ ዘወትር ይነገራል፤ የዱር እንስሳው፣ ጎብኚውና አርብቶ አደሩ። የከረዩ፣ የኢቱና የአፋር ሕዝቦች ፓርኩ ሳይታሰብ በፊት ከብቶቻቸውን በዚያ ያሰማሩ ነበር። ወንዙን ተከትሎ የተስፋፋው የሸንኮራ እርሻም የበጋ ግጦሻቸውን አጠበበ። ድርቅ ሲመጣ ሣርና ውሃ የሚቀረው በፓርኩ ውስጥ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እረኛው ወሰን ጥሶ ቢገባ ከብቱን ከሞት ለማዳን እንጂ ሕግን ለመናቅ አይደለም። ከጅቡቲ የሚመጣው አውራ ጎዳናም ፓርኩን ለሁለት ስለሚከፍለው የመኪና አደጋ እንስሳትን ይቀጥፋል።

እኔ በዚህ ቁጥር ላይ አራተኛ ባለ ጉዳይ እጨምራለሁ፤ ፓርኩን ረግጦት የማያውቀውን የከተማ ሸማች። አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳትን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ደንግጓል፤ ጠባቂውም በበሩ ላይ ይቆማል። መርካቶ ያለውን ፍላጎት ግን በር ላይ የቆመ ጠባቂ ሊያስቆመው አይችልም።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ በአፋር የግጦሽ መሬት ላይ እንደ ወረርሽኝ ተስፋፍቷል። ዛፉን እያከሰሉ በመሸጥ ማጥፋት ይቻላል ተብሎ በማኅበራት በኩል ተሞከረ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በፈቃዱ ሽፋን የአገር በቀሉ ግራርም አብሮ ይከሰል ጀመር። ጆንያው አንድ ጊዜ ከታሰረ በኋላ የትኛው ከመጤው፣ የትኛው ከግራሩ እንደሆነ ገዢው በምን ይለያል? እናቴም አልለየችም።

ከሌላው ዓለም የምንማረው አለ። በአሜሪካ የግራንድ ካንየን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1919 ሲቋቋም የሃቫሱፓይ ሕዝብ በጠባብ ሸለቆ ተወስኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው ሕግ ከቀድሞ መሬቱ ከፊሉ ተመለሰለት። ገደሉም ሆነ ጎብኚው በዚህ ምክንያት አልጠፋም። በወንዙ ላይ በጀልባ የሚጓዘውም ሰው ቁጥሩ ተወስኖ፣ በፈቃድ ብቻ ይገባል። ከዚህ የምረዳው፣ የነባር ባለ መብትን ድርሻ ማክበርና የጎብኚን ቁጥር መገደብ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው አሳብ አራት ነው። አንደኛ፣ የድርቅ ጊዜ ግጦሽ ከጎሣ ሽማግሌዎች ጋር በቦታና በወራት ተለይቶ በስምምነት ይፈቀድ። ሁለተኛ፣ ከመግቢያ ክፍያው የአካባቢው ሕዝብ በግልጽ የሚታይ ድርሻ ያግኝ። ሦስተኛ፣ በገደሉ አፋፍ ጎብኚ የሚሄድባቸው መንገዶች ይወሰኑ፤ በአውራ ጎዳናውም ላይ የፍጥነት ገደብ ይከበር። አራተኛ፣ የከሰሉ ምንጭ ከመጫኑ በፊት በቦታው ይረጋገጥ፤ በከተማውም ላቀችን የመሰሉ ከሰል ቆጣቢ ምድጃዎች ይስፋፉ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ከሰል ቸርቻሪዋን በማሳደድ ግራር አይድንም። እኔ ዛሬ በዚህ መድረክ የቆምሁት በዚያ ጉቶ ዋጋ ነው፤ ብክደው ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ዕዳው የሚከፈለው የእናቴን መሰል ሴቶች ሌላ እንጀራ ሲያገኙ፣ እረኛውም ስለ መሬቱ ሲጠየቅ ነው። ተማሪዎቼ ሆይ፣ ስለ ፓርክ ስታጠኑ ከፓርኩ በር አትጀምሩ፤ ከዚህ ከገበያው ጀምሩ።