ለአሰላ ሰማይ የሚሆን ሞተር

እሷ፦ ኢትዮጵያ አስመላሽ ዘፈሩ በገዛ እጁ አውሮፕላን የሠራባት አገር ናት። ከአርሲ የስንዴ ማሳ በላይ ጋይሮፕሌን ማብረር የሚያልም ወጣት ከየት ይጀምር?

እሱ፦ ከከፍታው። አሰላ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ሞቅ ባለ ቀን አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ባለ 100 የፈረስ ጉልበቱ ሮታክስ 912 ሞተር እዚህ የሚሰጠው 75 ገደማ ነው። በዚያ ጉልበት ሁለት ሰው ጭኖ ከአጭር ሜዳ መነሣትን እኔ አልመክርም።

እሷ፦ ቱርቦ ያለውስ?

እሱ፦ ሮታክስ 914 ይሻላል። 115 የመነሻ ጉልበቱን እዚህም ከሞላ ጎደል ይዞ ይቆያል፤ ግን ለ5 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ከዚያ ወደ 100 መውረድ አለበት።

እሷ፦ ብዙ ሰው ሞተሩ ሮተሩን፣ ማለትም ከላይ የሚዞረውን ክንፍ፣ የሚያሽከረክር ይመስለዋል።

እሱ፦ በረራ ላይ አያሽከረክርም! ሞተሩ የሚነዳው ፕሮፔለሩን ነው፤ ሮተሩን የሚያዞረው ከታች ሽቅብ የሚያልፈው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሮተሩ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ይፈጥናል። ባሕር ዳርቻ በደቂቃ 340 ጊዜ የሚዞረው አሰላ ላይ ወደ 400 ይጠጋል።

እሷ፦ ታዲያ ሰፋ ያለ ሮተር ይግዛ?

እሱ፦ አምራቹ ለዚያ ማሽን ከፈቀደ አዎ፤ ከ8.4 ወደ 8.8 ሜትር ሲሄድ ዙሩ ይረግባል። እባካችሁ ግን ከተገለበጠ ማሽን የተነቀለ ሮተር አትግዙ። ስንጥቁ ከቀለም ሥር ይደበቃል፣ በዓይን አይገኝም።