እንግዳ መጥራትና እንግዳ ማድረስ

(በድሬዳዋ፣ በእድራችን የሰኔ ወር ስብሰባ ላይ የእድሩ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ መዋጮ አይደለም፤ አትደንግጡ። ስለ እንግዶቻችን መጓጓዣ ነው። ሠርግ ሲኖረን፣ ለቅሶ ሲደርስብን፣ የቁልቢ ንግሥ ሲመጣ ሰው ከየአገሩ ወደ ከተማችን ይመጣል። እኛ ድንኳኑን እንቆጥራለን፣ ወንበሩን እንቆጥራለን፣ ድስቱን ሳይቀር እንቆጥራለን። እንግዳው በምን እንደሚመጣና በምን እንደሚመለስ ግን የሚቆጥር የለም። «ሲደርስ ይደውላል» ተብሎ ይታለፋል።

በቅድሚያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ባለፈው ዓመት አንዲት እናታችን ሲያርፉ ታላቅ እህታቸው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እንደሚመጡ ተነገረኝ። የወንድማቸው ልጅ ቲኬቱን እያየ በስልክ «8 ሰዓት ይደርሳሉ» አለኝ፤ እኔም እንዳለኝ ጻፍኩ። ቀብሩ 9 ሰዓት ስለ ነበር ይደርሳሉ ብዬ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መኪና ላክሁ። ለካ የቲኬቱ 8 በፈረንጅ አቆጣጠር ኖሯል፤ በእኛ ከጧቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ሴትዮዋ ድሬዳዋን አያውቁም፤ «መኪና ይመጣልዎታል፣ ከዚያ እንዳይነሡ» ተብለዋል። ስልካቸው ባትሪ ጨርሷል። በዚያ ሙቀት ስድስት ሰዓት ሙሉ አውሮፕላን ጣቢያው በር ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ለቀብሩ ደርሰዋል፤ ነገር ግን አስከሬኑ ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ስለ ነበር የእህታቸውን ፊት ሳያዩ ቀሩ። እኔን አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለሆነም ከአሁን በኋላ በእንግዳ መዝገባችን ላይ ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ እንደ ቲኬቱ፣ ሌላው በእኛ ሰዓት። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ቀን ከሆነ ከቲኬቱ ላይ 6 ቀንሱ፤ 14 ካለ ከቀኑ 8 ነው። ማታ ከሆነ 18 ቀንሱ፤ 20 ካለ ከምሽቱ 2 ነው። ከ6 በታች ከሆነ ሌሊት ነውና 6 ደምሩ። ከዚህም ሌላ እንግዳው የተቀባዩን ስልክ፣ ተቀባዩም የእንግዳውን ስልክ ይያዝ። የሐዘንተኛው ቤት ስልክ አይበቃም፤ በለቅሶ ቀን ማን ያነሣዋል? ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ ቀብር ስለማያቆዩ ከሩቅ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ለማስተዛዘን ነው፤ ቢሆንም ተቀባይ ያስፈልገዋል።

በባቡር ለሚመጣ እንግዳ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህች ከተማ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ስለ ደረሰላት የተቆረቆረች ናት፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን «ባቡር ጣቢያ» ሲባሉ ከዚራ ያለውን አሮጌውን ጣቢያ ነው የሚያስቡት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን እዚያ አይደርስም፤ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። አዲስ አበባም ላይ መነሻው ለቡ በኩል እንጂ ለገሀር አይደለም። ባቡሩ የሚሄድበትንም ቀን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። በአውቶቡስ የሚመጣው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ደክሞት ስለሚገባ መናኸሪያ ድረስ ሄዶ ዕቃውን የሚቀበለው ልጅ ይመደብለት።

በከተማው ውስጥ ባጃጅ አለልን፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ከኋላ የሚይዘው ሦስት ሰው ነው፤ አምስት ሰው ጭነን ሹፌሩን በትራፊክ ማስቀጣት ነውር ነው። ኮንትራት ከሆነ ዋጋው ከመሳፈር በፊት ይነገር። እንግዳችን ከወረደ በኋላ መንገድ ላይ ሲከራከር ማየት ለእኛም ያሳፍራል። ሠርገኛው ከ10 በላይ ከሆነ ባጃጅ ከማሰለፍ አንድ ሚኒባስ፣ ብዙ ከሆነ ደግሞ ቅጥቅጥ መከራየት ይሻላል፤ ሁሉም አንድ ላይ ይደርሳል፣ ሙሽራውም የቀረ ሰው ሲጠብቅ አይውልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ይነግሣል። ከአዲስ አበባ ዘመድ ያላችሁ፣ በደጋው መንገድ በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው ድሬዳዋ ሳይገባ ቁልቢን እንደሚያልፈው ንገሩት። አምና አንዱ አልፎት እኛ ዘንድ መጥቶ በማግስቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሶ ሄደ፤ እኛማ እንግዳ አገኘን፣ እሱ ግን ሁለት ጊዜ ከፈለ። ከእኛ ዘንድ አርፎ ለመሄድ የፈለገ ግን ቤት ለእንግዳ ነው፣ ይምጣ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቢ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። እዚህ በሙቀት ሸሚዝ አውልቆ የተቀመጠ ሰው እዚያ ሌሊቱን ይንቀጠቀጣል፤ ጋቢ ይያዝ። ለባጃጅ የደንገጎ ዳገት አይሞከርም። ለምንከራየውም መኪና ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው የሚያሰጋው። ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሹፌር ፍሬኑ ግሎ መያዝ ይሳነዋል፤ በከባድ ማርሽ መውረድ አለበት። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሹፌርም ሳይተኛ እንዲመልሰን አንጠይቀው። ምንጣፍና ምግቡን እድሩ ያዘጋጃል፤ ይህን ኮሚቴው ተስማምቶበታል።

የመጨረሻው የደቻቱ ጉዳይ ነው። አንዳንድ አባላት «ቅጥቅጦቹ የሚቆሙበት ቦታ ስለ ጠበበ ደቻቱ አሸዋው ላይ ይቁሙ፣ ሰፊ ነው፣ ከፋይም የለውም» ብላችሁኛል። እኔ በበኩሌ ይህን አልፈርምም። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም. ምን እንደ ሆነ እዚህ ያለው ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው። ደቻቱ እኮ እዚህ ዝናብ እስኪዘንብ አይጠብቅም፤ ላይ በደንገጎ በኩል ተራራው ላይ የዘነበው ነው ተሰብስቦ የሚወርደው። እዚህ ሰማዩ ኮከብ ሞልቶበት ጎርፉ ሊመጣ ይችላል። አምና ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ሹፌር ደረቅ አሸዋ አይቶ መኪናውን እዚያ አቁሞ ውስጡ ተኝቶ አደረ። ጧት አግኝቼ ብነግረው ሳቀብኝ፤ ወንዙ የታለ አለኝ። አይፈረድበትም፣ የሚነግረው ሰው አላገኘም። እኛ ግን እናውቃለን። መኪና የሚቆምበት ግቢ ያላችሁ አባላት እስከ ሐምሌ 10 አስመዝግቡ፤ ሦስት ግቢ ካገኘን ይበቃናል። ከባለ ግቢዎቹ አንዱ እኔ ነኝ፤ የቆርቆሮ አጥሬን አንድ በኩል ከፍቼ አንድ ቅጥቅጥ አስገባለሁ።

ወደ ቁልቢ የሚሄዱ እንግዶች ያሏችሁ ስም፣ ብዛት፣ የሚደርሱበት ቀንና ሰዓት፣ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር፣ እኔ ዘንድ አስጽፉ። መዝገቡ ማታ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ቤቴ ይገኛል።