ካዚኖው ከበር ወደ ኪስ፦ የእስያ የቁማር ኢንዱስትሪ ፈተናዎችና ዕድሎች ከአሶሳ ሲታዩ



የዛሬው ርእስ ማስታወቂያ ሲለጠፍ አንድ ባልደረባዬ «አሶሳ ተቀምጦ ስለ እስያ ካዚኖ መናገር ምን የሚሉት ነው?» ብሎ ቀልዶብኛል። እውነት አለው፤ በከተማችን ካዚኖ የሚባል ሕንፃ የለም። ቁማር የሚለውን ቃል ግን የተዋስነው ከዓረብኛ ነው፤ የበርታ ሽማግሌዎች ነገሩንም፣ በሃይማኖታቸው መከልከሉንም የሚያውቁት በዚሁ ስም ነው። ስለዚህ ነገሩ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። የተለወጠው የሚገኝበት ቦታ ነው።

ርእሱን ያስመረጠኝ አንድ ተማሪዬ ነው። አባቱ ወንዝ ዳር ወርቅ ያጥባሉ። ወርቁ ተሽጦ ለቀለብና ለመጽሐፍ የሚላክለትን ገንዘብ በአንድ መንፈቀ ዓመት ውስጥ በእግር ኳስ ውርርድ ጨረሰው። ቢሮዬ መጥቶ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና፣ «መምህር፣ ዘጠኙን አግኝቼ ነበር፤ ያበላሸብኝ አንድ ጨዋታ ነው» አለኝ። አሥር ጨዋታ በአንድ ትኬት የቆረጠ ሰው ሁሉ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ሒሳቡን አብረን ሠራነው። እያንዳንዱን ጨዋታ በትክክል የመገመት ዕድሉ 60 በመቶ ነው ብንል እንኳ፣ አሥሩን አንድ ላይ የማግኘት ዕድሉ ከ1,000 ወደ 6 ገደማ ይወርዳል። ተማሪዬ ስሌቱን ከእኔ ፈጥኖ ጨረሰው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እንደገና ቆረጠ።

አሁን ወደ እስያ ልሻገር። ካዚኖ ሲነሣ ቀድማ የምትጠራው ማካው ናት። በፖርቱጋል አገዛዝ ሥር ሳለች በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ቁማርን ሕጋዊ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ቻይና ከተመለሰች በኋላ ዘርፉን ለተወዳዳሪዎች ከፍታ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በቁማር ገቢ ላስ ቬጋስን በለጠች። በ2013 የካዚኖዎቿ ገቢ 45 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2020 ወረርሽኙ ድንበሩን ሲያዘጋ ግን ገቢው ከቀደመው ዓመት አምስት እጅ አራት እጁን ያህል አጣ። ፈቃዶቹ በ2022 ሲታደሱ መንግሥት ባለካዚኖዎቹን ከቁማር ውጭ ባሉ ሥራዎችም እንዲያፈሱ ያስገደዳቸው ያን ድንጋጤ ቀምሶ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የደቡብ ኮሪያው ጋንግዎን ላንድ ይመስለኛል። የጋንግዎን ግዛት ዋና ከተማ ቹንቾን ናት፤ የቃኘው ሻለቃ ዘማቾቻችን መታሰቢያ የሚገኝባት ከተማ። በዚያው ግዛት ተራሮች መካከል የድንጋይ ከሰል የሚቆፈርባቸው ቀበቶዎች ነበሩ። ጉድጓዶቹ ሲዘጉ ቆፋሪዎቹ ሥራ አጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የተዘጉትን የማዕድን አካባቢዎች የሚደግፍ ልዩ ሕግ ወጣ፤ በ2000 ካዚኖው ተከፈተ። በአገሪቱ ካሉት ካዚኖዎች ኮሪያውያን እንዲገቡ የተፈቀደበት እርሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የውጭ ፓስፖርት ይጠይቃሉ። ሥራም ግብርም አመጣ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በአጠገቡ ባለችው በሳቡክ ከተማ የአራጣና የመያዣ ብድር ቤቶች ተደረደሩ፤ መኪናውን አስይዞ ገብቶ ሳያስለቅቅ በአውቶቡስ የተመለሰው ሰው ብዙ ነው። ካዚኖው ራሱ የሱሰኞች የምክር ማዕከል ለመክፈት ተገደደ፤ አንድ ሰው በወር ከ15 ቀን በላይ እንዳይገባም ገደብ ተጣለ። ጥቅሙ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይታያል፤ ጉዳቱ ግን በየቤቱ ተበትኖ ስለሚቀር በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የማዕድን ክልል ነዋሪዎች ነንና ይህን ልብ ልንለው ይገባል።

ሲንጋፖር ደግሞ ለረጅም ዘመን ከልክላ ኖራ እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት ካዚኖዎች ስትከፍት በሩ ላይ አሰበችበት። የውጭ ጎብኚ በነፃ ይገባል፤ ዜጋ ግን ለ24 ሰዓት መግቢያ 100 የሲንጋፖር ዶላር መክፈል ነበረበት፤ በ2019 ክፍያው 150 ሆነ። ሰው ራሱን ማሳገድ ይችላል፤ ቤተሰቡም እንዲታገድለት ያመለክታል። ሕጉ የተሠራው በር መኖሩን መነሻ አድርጎ ነው።

በእኛስ አገር? ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። ሎተሪ ቀርፋፋ ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ትኬት የገዛ ሰው ዕጣው እስኪወጣ ይጠብቃል፣ በመሐል ሥራውን ይሠራል። የስፖርት ውርርድ ይህን ጥበቃ አጠፋው፤ በስልክ ሲመጣ ደግሞ መሸትና መንጋት እንኳ አላስቆመውም። በቅርብ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ የውርርድ ቤቶች ሲታሸጉ አይተናል። ሱቅ ይታሸጋል፤ በተማሪ ኪስ ያለ ስልክ ግን አይታሸግም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከ1,000 ብር በታች ያልሆነ የዕድል ሙከራ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል፤ ያሸነፈው ተቆጥሮ ይታወቃል፣ የተሸነፈውን የሚቆጥር ግን የለም። ለረጅም ዘመን ሎተሪ ሻጩ ተቋም ራሱ ለሌሎች ፈቃድ ሰጪም ሆኖ መኖሩ፣ በእኔ አስተያየት፣ የዚህ አንዱ ምክንያት ነው።

አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ይህ ርቀት ብዙ ነገር አሳጥቶናል፤ ከአንዳንድ ነገርም ጠብቆን ነበር። ዛሬ ከጠባቂነቱ የቀረ የለም።

እስያም ወደ እኛ መጥታለች፤ ወይም እኛ ሄደንባታል። ካምቦዲያ በ2019 የኢንተርኔት ቁማርን ስታግድ፣ ፊሊፒንስም በ2024 የውጭ ደንበኞችን የሚያጫውቱትን ኩባንያዎች ስትዘጋ፣ ከሥራው ከፊሉ ወደ ማጭበርበሪያ ጣቢያነት ተለወጠ። በማይናማርና በታይላንድ ድንበር ለቁማር የተሠሩ ሕንፃዎች በሐሰት የሥራ ቅጥር የተታለሉ ወጣቶች ታግተው የሚሠሩባቸው ሆኑ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ከዚያ ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ያህል ሰዎች 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ተመራቂ ተማሪዎቼ «ታይላንድ፣ የኮምፒውተር ሥራ» የሚል ማስታወቂያ ሲያሳዩኝ ይህን ቁጥር እነግራቸዋለሁ።

ርእሳችን «ዕድሎች» የሚልም አለበት። በአማርኛ ዕድል አጋጣሚም ነው፣ ዕጣም ነው፤ ለቁማር አሻሻጭ የተመቸ ቃል! እኔ የማየው ዕድል አንድ ነው። የስልክ ውርርድ ገንዘብ በቴሌብርና በባንክ በኩል ያልፋል፤ ባለቤቱም በፋይዳ መታወቂያ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ የጠፋውን በር በክፍያው ላይ መልሶ መትከል ይቻላል፦ የወር ጣሪያ፣ ራስን የማሳገድ መብት፣ ለቤተሰብም የማመልከቻ መንገድ። ፍጹም ክልከላን የምትደግፉ ትኖራላችሁ፤ አከብራለሁ፤ ግን ክልከላው ጨዋታውን ከአገር ውስጥ ድርጅት ወደማናውቀው የውጭ ድረ ገጽ እንዳያሻግረው እሰጋለሁ።

ተማሪዬ የራሱን በር ራሱ ሠርቷል። የቴሌብር ምስጢር ቁጥሩን የዶርም ጓደኛው ለውጦ እንዲይዝለት ሰጥቶታል፤ ዳቦ ለመግዛትም ጓደኛውን ይጠራል። አባቱ እስካሁን አልሰሙም።

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ ትቻለሁ።