ደም የቀላቀለ ተቅማጥና የዘር ነገር



ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲይዘን «አሜባ ነው» ብለን ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን እንውጣለን። አንዳንድ ጊዜ እውነትም አሜባ ወይም ሌላ ተውሳክ ነው። ለሳምንታት ካልተወንና ከከሳን ግን ክሮንስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

«የነጮች በሽታ ነው፣ እኛን አይነካም» ሲባል እንሰማለን። በእስራኤል የታየው ግን ሌላ ነው። እዚያ በሽታው የሚበዛው ከአውሮፓ በመጡት አይሁድ ላይ ነበር፤ ዘርም ድርሻ አለው። በ1984 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የገቡት ወገኖቻችን ሲደርሱ በሽታው እምብዛም አልነበረባቸውም። ዓመታት ከቆዩ በኋላ ግን በእነርሱም ላይ ይታይ ጀመር። ዘራቸው ያው ነው፤ የተለወጠው ኑሯቸው ነው። ሐኪሞች ምግቡን ይጠረጥራሉ፤ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን መለወጣቸውንም እንዲሁ።

እኛ መምህራን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን። የአንጀት ቲቢ ክሮንስን በጣም ይመስላል፤ ለክሮንስ የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ ቲቢን ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ ክሊኒክ ስንሄድ ስንት ሳምንት እንደቆየብን፣ ደም መኖሩን፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳን መሆኑን ሳናፍር እንናገር። አስተርጓሚው ጎረቤታችን ቢሆንም እንኳ።