የቆየ ዜማና የኤሌክትሪክ ጊታር
(በሙዚቃ ክበብ ምሽት የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ሰሞን የሙዚቃ ክበባችን መሰንቆን ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር አስማምቶ ለማሰማት ሲለማመድ በመካከላችን ብርቱ ክርክር እንደ ተነሣ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። አንዳንዶቹ «ይህ የአባቶችን ዜማ ማበላሸት ነው» አሉ፤ ሌሎቹም «ያልታደሰ ዜማ ይሞታል» ሲሉ መለሱ። እኔ ከበሮ መቺ ስለ ሆንሁ አስተያየቴን የጠየቀኝ አልነበረም። ዛሬም ቢሆን በዚያ ክርክር ላይ ፍርድ ልሰጥ አልቆምሁም። ነገር ግን የሙዚቃ መምህራችን ካሰሙን ከአንድ አሮጌ ሸክላ የተነሣ፣ ይኸው ጠብ በሌላ አገር ከእኛ ይልቅ ከርሮ እንደ ነበር ተረዳሁና ታሪኩን ልነግራችሁ ወደድሁ። የምጠራቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በእስፓኝ፣ ዛሬ በልማድ ስፔን በምንላት አገር፣ በስተ ደቡብ አንዳሉሲያ የሚባል ክፍል አለ፤ ዋና ከተማው ሴቪያ ነው። ከተማውን ጓዳልኪቪር የሚባል ትልቅ ወንዝ ያቋርጠዋል። ከወንዙ ማዶ፣ በምዕራብ በኩል ያለው ሰፈር ትሪያና ይባላል። ጥንት የመርከበኞች፣ የሸክላ ሠሪዎችና የብረት ቀጥቃጮች ሰፈር ነበረ። (ሸክላ ያልሁት የጭቃውን እንጂ የዘፈኑን አይደለም።) ከቀጥቃጮቹ ብዙዎቹ በአገሩ ቋንቋ ሂታኖ የሚባሉት ሕዝብ ነበሩ። የእነዚህም የጥንት አያቶቻቸው ከሕንድ ተነሥተው ብዙ አገር ካቋረጡ በኋላ በ15ኛው መቶ ዓመት እስፓኝ የገቡ ናቸው። ፍላሜንኮ የተባለው ዘፈን ከእነርሱና ከአንዳሉሲያ ድኻ ሕዝብ ተደባልቆ ወጣ። ከዘፈኖቹም ማርቲኔቴ የሚሉት አንዱ ያለ ጊታር፣ በድምፅ ብቻ ይዘፈናል፤ ስሙን ያገኘው ከቀጥቃጭ መዶሻ ነው። ሰው ይህን ሁሉ የሚማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ብዙ ቤተ ሰብ በጋራ ከሚኖርበት ግቢ ነበር።

እንግዲህ ፍላሜንኮ ምን እንደ ሆነ በቃል ብቻ ማስረዳት አይቻልምና እባካችሁ መዳፋችሁን አዘጋጁ። «አንድ» ባልሁ ቁጥር ብቻ አጨብጭቡ። አንድ ሁለት ሦስት፤ አንድ ሁለት ሦስት፤ አንድ ሁለት፤ አንድ ሁለት፤ አንድ ሁለት። (እዚህ ላይ ተሰብሳቢው አጨበጨበ፤ ከኋላው ወንበር በቀር ሁሉም ሆነለት።) ቢደመር ዐሥራ ሁለት ይሆናል። ቡሌሪያ የሚባለው ዘፈን በዚህ ቍጥር ይሄዳል፤ ሥርዓቱንም ኮምፓስ ይሉታል። ዘፋኙ ድምፁ ቢሻክር ይታገሡታል፤ ኮምፓስ ከሳተ ግን የሚያዳምጠው የለም። ስለ ዜማው ደግሞ፣ ኦርጋን የምትማሩ ጓደኞቼ ላ፣ ሶል፣ ፋ፣ ሚ እያላችሁ ወደ ታች ውረዱና ሚ ላይ ቁሙ። በመዝሙር ለለመደ ጆሮ ያ ማረፊያ ገና ያላለቀ ነገር ይመስለዋል፤ ለእነርሱ ግን ቤታቸው ነው።

«ዜማው ተበላሸ» የሚለው ስጋት በኤሌክትሪክ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በ1922 ዓ.ም. የሙዚቃ ደራሲው ማኑኤል ደ ፋያና ወጣቱ ባለቅኔ ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ ከወዳጆቻቸው ጋር ሆነው በግራናዳ ከተማ፣ በአልሀምብራ ግቢ፣ የዘፈን ውድድር አዘጋጁ። ሐሳባቸው የጥንቱን ጥልቅ ዘፈን ከመጥፋት ማዳን ነበረ። ስለዚህም ለገንዘብ የሚዘፍኑ አዋቂዎች እንዳይወዳደሩ ከለከሉ። ከተሸለሙት መካከል ኤል ቴናሳስ የሚባል ሽማግሌና ማኖሎ ካራኮል የሚባል የዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ልጅ ነበሩ። ያ ልጅ አድጎ ምን ሠራ ብትሉ፣ ፍላሜንኮን በፒያኖና በኦርኬስትራ ታጅቦ ዘፈነ! ይህን ሳነብ ብቻዬን ሣቅሁ።

አሁን ወደ ሮክ ልምጣ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዝ ወጣቶች ሮክን ከሦስት ደቂቃ ዘፈን አውጥተው እንደ ረጅም ታሪክ ያስኬዱት ጀመር። ኪንግ ክሪምሰን የተባለው ቡድን በ1969 ያወጣው የመጀመሪያ ሸክላው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በውስጡም ሜሎትሮን የሚባል መሣሪያ ይሰማል፤ ይህም ቁልፉ ሲነካ አስቀድሞ በቴፕ የተቀረጸ የቫዮሊንና የዋሽንት ድምፅ የሚያሰማ ነው። ይህ ዐይነት ሙዚቃ ወደ ሴቪያም ደረሰ። በዚያ ስማሽ የተባሉት ወጣቶች በ1971 ማኑኤል ሞሊና ከሚባል የፍላሜንኮ ሰው ጋር አንድ ዘፈን አውጥተው መንገዱን አሳዩ፤ ብዙ ሳይቆዩ ግን ተበተኑ።

በ1974 ሦስት ሰዎች ተሰበሰቡ። ኼሱስ ደ ላ ሮሳ ይዘፍናል፤ ኦርጋንና ሌሎች የኤሌክትሪክ ባለ ቁልፍ መሣሪያዎች ይጫወታል። ኤዱዋርዶ ሮድሪገስ ሮድዌይ የፍላሜንኮ ጊታር ይመታል። «ቴሌ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው ሁዋን ሆሴ ፓላሲዮስ ከበሮ ይመታል። (ከሦስቱ ለማን እንደማደላ አትጠይቁኝ።) የቡድናቸውን ስም «ትሪያና» አሉት።

ይህ ስም ቀላል ስም አልነበረም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የትሪያና ግቢዎች እየፈረሱ፣ ሂታኖዎቹ ከአያቶቻቸው ሰፈር እየተነሡ ወደ ከተማው ዳርቻ ተወስደው ነበርና። በስሙ የተጠራው ሙዚቃ ሲወጣ የዘፈኑ ባለቤቶች ከነበሩት ብዙዎቹ በሰፈሩ አልነበሩም። በ1975 የወጣው የመጀመሪያ ሸክላቸው በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው «ኤል ፓቲዮ» ማለት «ግቢው» በሚል ስም ነው። እኔ ይህን ስም ስሰማ የፈረሱት ግቢዎች ይታዩኛል፤ ሙዚቀኞቹ ይህን አስበው እንደ ሆነ ግን በእነርሱ ስም አልናገርም።

የመጀመሪያው ዘፈን «በሩን ክፈቺ» የሚል ትርጉም ያለው ሲሆን ወደ ዐሥር ደቂቃ ይጠጋል። ያን ጊዜ እስፓኝ ገና በጄኔራል ፍራንኮ እጅ ነበረች፤ ዘፈንም ሳይመረመር አይወጣም ነበር። ጄኔራሉ የሞቱት በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ነው። ዘፈኑን በጥንቃቄ ላዳመጠው ሰው፣ ፍላሜንኮው ለጌጥ ያህል ከላይ የተለጠፈ አይደለም። ቴሌ በሮክ ከበሮ የሚመታው የቡሌሪያን አካሄድ ነው፤ የኼሱስም ድምፅ እንደ ፍላሜንኮ ዘፋኝ ከጉሮሮው እየተጎተተ፣ እንደ ልቅሶ እየተሰበረ ይወጣል። ሮክ ብዙ ጊዜ በአራት ምት የሚሄድ ሲሆን፣ እዚህ እንግዳው ለባለቤቱ ሥርዓት ታዘዘ።

ይሁን እንጂ በዚያው ሸክላ ላይ አንድ ሌላ ዘፈን አለ፤ ከርእሱም ጋር «ቡሌሪያ 5 በ8» የሚል ተጽፎበታል። አስተዋይ ሰው «ቡሌሪያ በዐሥራ ሁለት ይቈጠራል ብለኸን አልነበረምን?» ሊለኝ ይችላል። አዎን፣ ብያለሁ። እኔን የማረከኝም ይኸው ነው፤ ሥርዓቱን የለወጡት ሳያውቁ ሳይሆን ቈጥረው ነው፤ የለወጡትንም ሳይደብቁ በግልጽ ጻፉት።

ሸክላው በወጣ ጊዜ ብዙ ገዢ አላገኘም ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን ስማቸው በመላው እስፓኝ ተሰማ። በ1977፣ አገሪቱ ከአምባገነኑ በኋላ የመጀመሪያውን ምርጫ ባደረገችበት ዓመት፣ «የጭንቀት ልጆች» የሚለውን አወጡ። በ1979 ደግሞ «ጥላና ብርሃን» ተከተለ። ከ1980 ወዲህ ያሉት ለእኔ ጆሮ ቀለል ይላሉ፤ ከታወቁት ዘፈኖቻቸው አንዱ በ1980 የወጣ ነውና ሰው ሁሉ በዚህ አይስማማኝም።

የተቃዋሚዎች ነገርስ? በዚያው በ1979 ካማሮን የተባለው ታላቅ ዘፋኝ፣ ራሱ ሂታኖና የብረት ቀጥቃጭ ልጅ፣ በኤሌክትሪክ ባስና በከበሮ ታጅቦ «የጊዜ አፈ ታሪክ» የሚል ሸክላ አወጣ። ከገዙት አንዳንዶቹ «ይህ ካማሮን አይደለም» ብለው ወደ ሱቅ መለሱት እየተባለ ይወራል። በእርግጥም ሽያጩ ጥቂት ነበረ። ካማሮን በ1992 ሞተ፤ ዛሬ ያ ሸክላ ከፍላሜንኮ ታላላቅ ሥራዎች ጋር ይቈጠራል። እንግዲህ «የደም ወራሽ ካልሆነ አይንካው» ለሚሉ ወንድሞቼ የማቀርበው ይህን ነው፤ ወራሹ ራሱ ሲነካውም አልማሩትም።

የትሪያና ፍጻሜ አሳዛኝ ነው። በ1983 በነሐሴ በሰሜን እስፓኝ፣ በባስክ አገር፣ ከባድ ጎርፍ ደርሶ ነበር። በጥቅምት ወር ሙዚቀኞቹ ለተጎጂዎች ርዳታ በሳን ሴባስቲያን ከተማ ተጫወቱ። ሲመለሱ ቡርጎስ አጠገብ በደረሰ የመኪና አደጋ ኼሱስ ደ ላ ሮሳ ሞተ፤ ዕድሜው 35 ነበረ። ቴሌም በ2002 ዐረፈ።

አሁን ያን የ1975 ሸክላ መምህራችን ያስቀምጡልናል። መነሻው ዝግ ያለ ነውና ታገሡ። ከበሮው ሲገባ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት እያላችሁ ቍጠሩ። ከኋላ ያላችሁትም።